ሦስተኛው ምስክር

ስልኬ ሲጠራ መሰላል ላይ ወጥቼ የደብተር ካርቶን እያወረድኩ ነበር። አብራኝ የተማረችው ምሕረት ናት፤ ከአንጋጫ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆነች በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«ሐያት፣ ቲቸር ኤርሲዶ አረፉ» አለችኝ።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሱቄ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ስለሆነ ውጭ «ሾኔ! ሾኔ! አንድ ሰው የቀረው ሾኔ!» የሚለው ጩኸት አልተቋረጠም። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ልቤ ዘለለ። እሳቸውን ባሰብኩ ቁጥር እንደዚያ ነው የምሆነው፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» እያልኩ እጄን የማወጣ ይመስለኛል። ሁለት ልጆች የወለድኩ ሴትዮ ነኝ። ይኸው አሁን ስጽፍ እንኳ እጄ አላርፍ ብሎኛል፤ ታገሱኝ።

ቲቸር ኤርሲዶ እኔ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሱሪያቸው ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚታቸው አንድ ጣት ከፍ ያለ፣ የሸሚዛቸው ኪስ በጠመኔ የነጣ። እንግሊዝኛቸው በሀዲይኛ በኩል ዞሮ ነው የሚወጣው፤ አማርኛቸውም እንደዚያው። በዚህ አያፍሩም። «እንግሊዝኛ እንግዳ ነው፤ ቤቴ ከመጣ ያቀረብኩለትን ይበላል» ይሉ ነበር።

ሆሳዕናን የሚወዱት ለጉድ ነው። የእኛ ከተማ ጭቃ እንኳ እሳቸው ዘንድ ክብር ነበረው፤ «የሌላ አገር ጭቃ ይጣበቃል፤ የሆሳዕና ጭቃ ግን ሰላም ብሎህ ይለቅሃል» ይሉናል። በጭቃው ጫማችንን ትተን ቤት የገባን ልጆች እርስ በርስ እንተያያለን። ከዱራሜ ልጆች ጋር ኳስ ስንጫወትማ አያድርስ ነው! መስመሩን ይዘው ከክንፍ ተጫዋቹ እኩል ይሮጣሉ፤ ጎል ከገባብን ምሳ አይበሉም። አንድ ጊዜ እንደውም የተሸነፍንበትን ውጤት በማግስቱ ሰሌዳ ላይ በጻፈ ልጅ ተናደው ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ያለፈ ጊዜ ግስ አስቆጠሩን።

በጣም የሚታወቁት ግን በሚኒ ሚዲያው ነው። ሚኒ ሚዲያ ማለት በእረፍት ሰዓት ዜናና ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ የምናነብባት፣ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ጎን ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ፤ በድምፄ እኮራ ነበር፤ አልዋሽም። የእንግሊዝኛ ክበቡን የሚመሩት ቲቸር ኤርሲዶ ናቸው፤ በየሳምንቱ አርብ ደግሞ «የሳምንቱ ቃል» የሚል ፕሮግራም ነበራቸው። ያኔ ግቢው ጸጥ ይላል። የቮሊቦሉ ልጆች እንኳ ኳሷን በብብታቸው ይዘው ይሰማሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሰኞ አንድ ልጅ ከካርቶን ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያወጣል፤ ቃሎቹን ጽፈን የምንጨምረው እኛው ነን። መዝገበ ቃላት ይከፈትና ቃሉ ስንት ፍቺ እንዳለው ይታያል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፍቺ ከከተማችን አንድ ሰው ማግኘት ግዴታ ነው፤ ሰፈሩ የታወቀ፣ ያንን ፍቺ በኑሮው የሚያሳይ ሰው። አርብ በሚኒ ሚዲያው ታሪኩ ይነገራል። ሰው የታጣለት ፍቺ ጥቁር ሽፋን ባለው ትልቅ ደብተራቸው ውስጥ አይጻፍም። «ቃል ያለ ምስክር አይገባም!» ይላሉ፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ። «መዝገበ ቃላቱን የጻፉት ሆሳዕናን አያውቋትም። እዚህ ሰው ካልመሰከረለት ለእኛ ምን ያደርግልናል?»

እልከኛ የሚል ፍቺ ያለው ቃል የወጣ ሳምንት የጎረቤታችንን አህያ አቀረብን። «አህያ ምስክር ሆኖ አይቆምም፤ ሰው አምጡ» ብለው መለሱን። ሰው ስንፈልግ ሰንብተን አባቴን ጠቆምን። ሱቁ ውስጥ ዋጋ አልቀንስም ብሎ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ቲቸር መጥተው ቆመው አዳመጡና «ያለ ክርክር ተቀብያለሁ» ብለው መዘገቡት። አባቴ እስከ ዛሬ ምን እንደተመዘገበ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነን። በዚያ ዓመት የሆሳዕና፣ የሾኔና የዱራሜ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ውድድር ዱራሜ ላይ ሊካሄድ ነበር። ተወዳዳሪው ከቆርቆሮ ውስጥ ቃል ያወጣል፤ በሦስት ደቂቃ ፍቺውን ተናግሮ ያንን ቃል ሕያው ያደርገዋል። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ ነው የሚሄደው። የእኛን የሚመርጡት ቲቸር ኤርሲዶ ብቻቸውን ነበሩ። መጨረሻ ላይ የቀረነው እኔና ምሕረት ነን።

ምሕረት የአንጋጫ ልጅ ናት፤ አንጋጫ ደግሞ እንደ ዱራሜ የከምባታ አገር ነው፤ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው ሆሳዕና የምትማረው። አፏን የፈታችው በከምባትኛ ነው። እንግሊዝኛዋም እንደ ቲቸር ኤርሲዶ ዞሮ ነው የሚወጣው፤ የሚዞርበት መንገድ ብቻ ይለያል። ፊት ለፊታቸው ቆመን ተናገርን። እኔ አማረልኝ። እሷ ግን፣ በአላህ ስም፣ ክፍሉን አስረሳችን! ስትጨርስ የሞላው ክፍል ለቅጽበት ማጨብጨብ እንኳ ረሳ። እኔም እዚያው «አለቀልኝ» አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ስም የእኔ ነበር።

ከሥሩ ነጥባችን ተጽፏል። ምሕረት በአነጋገር ዘዬ ሁለት ነጥብ ተቀንሶባት በአንድ ነጥብ በልጫታለሁ። በአነጋገር ዘዬ! ከራሳቸው ከቲቸር ኤርሲዶ አንደበት ጋር አንድ ቤት ያደገ በሚመስል አነጋገር! አየሁት፤ ገባኝ። ዱራሜ ላይ፣ በባላንጣዎቻችን ፊት፣ ሆሳዕናን ወክላ የአንጋጫ ልጅ ስትቆም መታየት አልሆነላቸውም። ማንም አላዘዛቸውም፤ ያ የከተማ ፍቅራቸው ነው እጃቸውን ይዞ የጻፈው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። አባቴ አዲስ ጫማ ገዛልኝ፤ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። ምሕረት ሰሌዳው ፊት ትንሽ ቆመችና ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ስባ ወደ ክፍል ገባች። ስታልፍ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ፤ «አመሰግናለሁ» አልኳት።

በሚቀጥለው ሰኞ ከካርቶኑ የወጣው ቃል «ፓርቲዛን» ነበር።

ቲቸር ኤርሲዶ ቃሉን ሲያዩ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። እንዲህ ያለ፣ ወዲህ ሲሉት ወዲያ የሚሄድ ቃል ነፍሳቸው ነው። ሰሌዳውን ጥርግ አድርገው ጻፉት። «አንደኛ፣» አሉ፣ «ለአንድ ወገን ቆርጦ የቆመ ደጋፊ። ወገኑ ቢሸነፍ፣ ቢዋረድ፣ ንቅንቅ የማይል! ሁለተኛ፣ አገሩን የወረረውን ጠላት ጫካ ገብቶ የሚዋጋ፤ አልገዛም ብሎ የተነሳ። በእኛ ቋንቋ አርበኛ የምንለው ዓይነት። ሦስተኛ ደግሞ...» መዝገበ ቃላቱን ጠጋ አድርገው አዩት። «ሦስተኛ፣ መፍረድ ሲገባው ለወገኑ የሚያደላ።»

ምሕረት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ ስድብ ነው ምስጋና?»

«ጎበዝ! ሰውየው የት ተቀምጧል ብለሽ ጠይቂ። ሜዳ ዳር ከሆነ አጨብጭቢለት። ጫካ ከሆነ ስንቅ ላኪለት። የዳኛ ወንበር ላይ ካገኘሽው ግን...» አሉና ቆሙ። ጠመኔው እጃቸው ላይ ነበር። «አስነሺው» ብለው ጨረሱ፤ ድምፃቸው ግን ወርዷል። ምሕረት ጻፈችው። በነገር ልትወጋቸው ጠይቃ እንደሆነ ኋላ ላይ ስጠይቃት «ኧረ በጌታ! አልገባኝም ነበር» ብላ ምላልኛለች።

ምስክር ፍለጋ ወጣን። ለመጀመሪያው ፍቺ መናኸሪያ ውስጥ ዕቃ የሚሸከሙትን ጋሽ ደበበን አገኘን። ክረምት ከበጋ የአንድ የሰፈር ቡድን ማልያ ነው የሚለብሱት፤ ቡድኑ ከፈረሰ ቆይቷል። «ጋሽ ደበበ፣ ቡድኑ እኮ የለም» ስንላቸው «እኔ አለሁ አይደል?» አሉን። ለሁለተኛው ቆጮ ሻጭዋን እትዬ ማርታን አቀረብን። ጉልበተኞች የገበያ ቦታዋን ሊቀሟት ሲመጡ ቆጮዋን እንደያዘች ሦስት ቀን ዝናብ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ያለች ሴት ናት። አንድ ልጅ «ጫካ አልገባችም» ብሎ ተከራከረ። ቲቸር ኤርሲዶ «አንተ እስኪ የሐምሌን ዝናብ ሦስት ቀን ተቀመጥበትና ከጫካ ይሻላል በለኝ» አሉትና ዝም አሰኙት።

ለሦስተኛው ፍቺ ሰው አጣን። ዳኛ ነህ፣ አድልተሃል ብለን የማንን በር እናንኳኳ? ሐሙስ ድረስ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ነገርናቸው። «ደግ» ብቻ አሉ። እንደ ልማዳቸው ሰነፎች ብለው ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

አርብ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ክፍል ውስጥ እኔ ማይኩ ፊት ተቀምጬ፣ እሳቸው ከኋላዬ ቆመዋል። የማነበው ማስታወቂያ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ከቃሉ ፕሮግራም በኋላ ለዱራሜው ውድድር መመረጤን ራሴ ላነበው ነው። ጋሽ ደበበን ተናገሩ፤ ግቢው ሳቀ። እትዬ ማርታን ተናገሩ፤ ግቢው አጨበጨበ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ማይኩን ወደ አፋቸው ሳቡት።

«ለሦስተኛው ፍቺ ተማሪዎቼ ምስክር አጥተው ነበር» አሉ። «ተገኝቷል። እኔ ነኝ።»

በመስኮቱ አየሁ፤ ሰዉ ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ሁለት ልጆች ፊቴ ቆመው ተወዳደሩ። ምሕረት አሸነፈች። እኔ ዳኛ ነበርኩ፤ ነገር ግን የሆሳዕና ደጋፊ ሆኜ ፈረድኩ። በአነጋገሯ ነጥብ ቀነስኩባት። እኔ! ይህን አነጋገሬን ይዤ! ምሕረት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዱራሜ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ሐያት...» እዚህ ላይ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ «ሐያት፣ አንቺንም በድዬሻለሁ፤ ያላሸነፍሽውን ሰጥቼሻለሁ።»

ማስታወቂያው ጉልበቴ ላይ ቀረ። ግቢው ተነቃነቀ፤ ፉጨት፣ ሳቅ፣ ጭብጨባ፣ ምን ያልነበረ ነገር አለ! እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ፊቴ እሳት ሆነ። ቲቸር ኤርሲዶን ጠላኋቸው። ደግሞ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ያን ቀን የሰማሁትን ያህል ደፋር ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ነበርና እየጠላኋቸው ሰውነቴ ሁሉ ተነዘረ።

ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከጎን ያለውን ሁሉ ሰማሁ። ዳይሬክተሩና ቲቸር ኤርሲዶ አብረው ያደጉ፣ አንዱ ለአንዱ ሚዜ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

«ኤርሲዶ፣ ቢሮዬ መጥተህ ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

«ስሙን የለጠፍኩት ቢሮህ ውስጥ አይደለም፤ ሰሌዳ ላይ ነው።»

«አዋረድከን እኮ! ዱራሜ ስንደርስ ይስቁብናል!»

«ይሳቁ። እኔስ የፈራሁት እሱን አልነበር? ፈርቼ ያደረግሁትን አየህ።»

ከዚያ ዳይሬክተሩ «ክበቡን አስረክብ» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት የያዙት ክበብ ነው። ካርቶኑንና የክፍሏን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ቁልፉ ሲንኳኳ ሰማሁ። ለእሳቸው ያ ክበብ ምን እንደነበር የማውቅ እኔ እንኳ «ይበላቸው» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጓደኛሞች በኮሪደሩ ሲተላለፉ ራስ በመነቅነቅ ብቻ ሆነ።

አባቴ ሲሰማ ጫማውን አየ፤ እኔን አየኝ። «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅስ በምን ይዋጣል? ዳኛው ራሱ ተሳስቼ ነበር ካለ ደግ አድርጓል» አለ። እኔ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ውድድሩ በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ሱቅ ከፍተን ሳለ ቲቸር ኤርሲዶ መጡ። ኮት ለብሰዋል። የዳኝነቱ ደብዳቤ ከወር በፊት ወጥቶ ስለነበር ዳይሬክተሩ ሊያስቀሩት አልቻሉም፤ ዱራሜ ላይ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እሳቸው ናቸው። ባንኮኒው ላይ ሁለት እጃቸውን አሳረፉ።

«ሐያት፣ ደጋፊ አጣን» አሉኝ።

«ሠላሳ ልጅ እየሄደ አይደል?»

«የሚሄዱት ለሽርሽር ነው። ከበሮ ይዘዋል፤ ልብ አልያዙም። የአንጋጫ ልጅ ናት ብለው አኩርፈዋል። እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ነኝ፤ አፌ ታስሯል፤ እጄ ታስሯል።»

«ታዲያ እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አንቺን ነው።»

«ቲቸር፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለዎትም እንዴ?»

«የለኝም» አሉ። ሳይሳቀቁ! «ይሉኝታ ቢኖረኝ ማይክ ላይ አልወጣም ነበር። ሂጂ አልልሽም። መኪናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል።» ሄዱ። የሄዱት በትምህርት ቤቱ መኪና አይደለም፤ ክበቡ ስለተወሰደባቸው በራሳቸው ትኬት ነው። አባቴ ሚዛኑን መጥረጉን ቀጠለ። እኔ አዲሱን ጫማ አደረግሁና ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ብትጠይቁኝ ስትወድቅ ለማየት ነበር ብዬ ነው የምመልሰው፤ ያኔ ልቤ ውስጥ የነበረው እሱ ነው።

የዱራሜ አዳራሽ ጢም ብሏል። ልጆቻቸው እንደ ንብ ሰፈሩበት፤ ከበሮው፣ ዘፈኑ፣ እግራቸው ወለሉን ሲመታ ወንበሩ ይዘላል። የሾኔው ልጅ ተናገረ፤ ደህና ነበር። የዱራሜው ተናገረ፤ ጎበዝ ነው፤ ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ከዚያ ምሕረት ተጠራች። ከዱራሜዎቹ በኩል አንዱ «ሆሳዕና ሰው አልቆባት ነው እንዴ የኛን ልጅ የወሰደችው?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የእኛ ልጆች ከበሮውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ዳይሬክተራችን ከፊት ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ከቆርቆሮው የወጣላት ቃል «ኦኒየን» ነበር። ሽንኩርት! በሦስት ደቂቃ ስለ ሽንኩርት!

ቆመች። ከንፈሯ ተከፈተ፤ ድምፅ የለም። ሰከንዱ ይሮጣል። ሠላሳ ሰከንድ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። «ይኸው! እኔ ብሆን ኖሮ» አልኩ። ዓይኗ አዳራሹን ዞረ። የአገሯን ልጆች አየች፤ የትምህርት ቤቷን ልጆች አየች፤ ከሁለቱም ወገን የኔ የሚላት ሰው አልነበረም። ወደ ዳኞቹ ዞረች። ቲቸር ኤርሲዶ ሁለቱንም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀምጠውባቸዋል፤ ያ ረጅም ሰው ወንበሩ ላይ ተኮራምቷል፤ ግንባራቸው ላብ በላብ። ሜዳ ዳር እንደዚያ የሚሮጡ ሰው! ዓይኗ ሲደርስባቸው አቀርቅረው ወረቀታቸውን አዩ።

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ይህች ልጅ በልጣኝ እዚህ እንደቆመች ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም አልነበረም። እኔ ዝም ካልኩ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ማለቴ ነው።

«ምሕረት!» ብዬ ተነሳሁ። ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ። «ምሕረት! እኛ አለን! የሆሳዕና ልጅ፣ እዚህ አለን!» የፊቴን ልጅ ከበሮ ነጠቅሁና መታሁት። መምታት አልችልም፤ አንዴ ቆዳውን አንዴ ጠርዙን ነው። «ምን ትጠብቃላችሁ? የኛ አይደለችም እንዴ?» ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ ጮህኩባቸው። አንዱ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ሠላሳውም ተነሱ! ስሟን እየጠራን ወለሉን ስንመታው ዱራሜዎቹ ደንግጠው ዝም አሉ።

አንድ ደቂቃ ሄዷል። ምሕረት ትንፋሿን ሳበችና ጀመረች። እናቷ አንጋጫ ገበያ ሽንኩርት እንደምትሸጥ ተናገረች። ሽንኩርት የሚያስለቅሰው የሚከትፈውን ነው፤ የሚበላው ግን ጣፈጠኝ ብሎ ይሄዳል አለች። የገዢውን ሴትዮ ልጣጩን እየገለጠች ስትከራከር አስመስላ አሳየች፤ ዱራሜዎቹ ቀድመውን ሳቁ። ሁለት ደቂቃ ነው የተናገረችው። ሲያልቅ ሁለቱም ወገን ቆሞ ነበር። እኔ አልቅሼ ነበር፤ በሽንኩርት ነው ብያለሁ።

ዳኞቹ በየተራ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ያነሳሉ። የዱራሜው ዘጠኝ አነሱ። የሾኔዋ ዘጠኝ። ቲቸር ኤርሲዶ ወረቀታቸውን አነሱ፤ ሰባት።

ሰባት! ከራሳችን ዳኛ! የእኛ ልጆች አበዱ። «ሸጡን!» ያለም ነበር። ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ያዙ። ምሕረት በአንድ ነጥብ ሁለተኛ ወጣች። እርግጥ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱም አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድር ያልፋሉ፤ አልፋለች! ግን በዚያች ቅጽበት ማን ያንን አስቦ። እኔ ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ የለም። ተቀዶ አልቋል።

ምሕረት ከመድረኩ ወርዳ ቀጥ ብላ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«ቲቸር፣ ሰባት ለምን?» አለች።

«የተሰጠሽ ሦስት ደቂቃ ነው፤ አንዱን ዝም ብለሽበታል» አሉ ቲቸር ኤርሲዶ። ድምፃቸው ሊሰበር ደርሷል፤ ዓይናቸውን ግን አልሰበሩም። «ሁለቱ ደቂቃ ዘጠኝም አሥርም ነው። ሦስቱ ግን ሰባት ነው።»

ምሕረት አሰበች። «ልክ ነው» አለች። ቀጥላ ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። «ልክ ነው ቲቸር! ዝም ብዬ ነበር!» ብላ ዘልላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ከጀርባዋ በኩል አዩኝና «አንቺ ደግሞ ከበሮ ትመቻለሽ ወይስ ሽሮ ትወቅጫለሽ?» አሉኝ። እኔ መልስ የምሰጥበት ድምፅ አልነበረኝም፤ ቆሜ ሳቅሁ፤ እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ይህን ሰው ዳግመኛ ልጠላው እንደማልችል አወቅሁ።

ድምፄ ከሳምንት በላይ አልተመለሰም። አርብ ደረሰ፤ ሚኒ ሚዲያው አንባቢ አልነበረውም። ክበቡን የተረከቡት አስተማሪ «ማን ያንብብ?» ሲሉ ምሕረትን በጣቴ አሳየኋቸው። ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳትና ማይኩን በቁመቷ ልክ አወረድኩላት። ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ቲቸር ኤርሲዶ ከድምፅ ማጉያው ሥር ብቻቸውን ቆመው ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ። ዳይሬክተሩ የቢሯቸውን መስኮት ከፈቱ፤ ለአፍታ ሚዜያቸውን አዩና ዓይናቸውን ወደ ማጉያው አነሱ።

«እንደምን አረፈዳችሁ፤ ይህ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ነው» አለ የምሕረት ድምፅ፤ እንዳለ፣ አንድም ነገር ሳይቀነስበት፣ በአንጋጫ ዜማው። ቲቸር ኤርሲዶ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ግቢው ውስጥ ያን ሁሉ ተማሪ አየሁት፤ አንድም ሰው አልሳቀም።